ብርድ ነው የተባለው ተረከዝ፦ የእግር ሕመምን ቤት ውስጥ ማስታገስ፣ ከአልጋ እስከ ማዕድ ቤት

ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያውን እርምጃ ስራመድ ተረከዜ ሥር ምስማር የቆመ ይመስለኝ ነበር። ዐሥር ያህል እርምጃ ስሄድ ይለዝባል። አራት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ሳስተምር ዝም ይላል፤ ከዚያ መምህራን ማረፊያ ገብቼ፣ ሻይ ጠጥቼ ስነሳ ምስማሩ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። እናቴ «ብርድ መትቶሽ ነው» አለች። ጎረቤቴ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ተይ» አለችኝ። አንድ ወዳጄ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ እንዳስርበት መከረኝ። ሁሉንም ሞከርኩ። ካልሲ በካልሲ ላይ ደረብኩ፣ ሥጋ ተውኩ፣ ሽንኩርቱንም አሰርኩ፤ ከሽንኩርቱ ያተረፍኩት ውሃ የቋጠረ ቆዳ ብቻ ነበር። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ሲያድር ቆዳ ያቃጥላል፤ ማንም ቢመክርዎ አያድርጉት።

አምስት ወር ካነከስኩ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ተረከዜን ከሥር፣ ወደ ውስጥ በኩል አንድ ቦታ ላይ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጮኽኩ፤ ምርመራው እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ፣ የውስጥ እግርን እንደ ደጋን ጅማት ወጥሮ የሚይዝ ጠንካራ ሽፋን አለ። ሰው ረጅም ሰዓት ሲቆም፣ ክብደት ሲጨምር፣ የባት ጡንቻው ሲገትር፣ ወይም በቀጭን ሶል ሊሾ ወለል ላይ ሲውል ይህ ሽፋን ከተረከዙ ጋር በተያያዘበት ቦታ ይጎዳል። ሌሊት ስንተኛ ጣቶቻችን ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ሽፋኑም እንዳጠረ ያድራል። ጠዋት መላ የሰውነት ክብደት በድንገት ሲያርፍበት ይወጠራል። ምስማሩ ይኸው ነው፤ ብርድ ምንም አላደረገም።

ራጅ ተነስተው «ተረከዝዎ ላይ አጥንት በቅሏል» ከተባሉም ብዙ አይደንግጡ። እንዲህ ያለ አጥንት ኖሯቸው አንድም ቀን የማያማቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ሕመሙ በአብዛኛው ሰው ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና በዓመት ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ የሚሠራው ግን በየቀኑ ለሚያደርገው ሰው ነው። እኔ ለውጥ ያየሁት በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ትቼው ቢሆን ኖሮ «አይሠራም» ብዬ ለሰው ሁሉ እናገር ነበር።

በመጀመሪያ፦ ቤት ውስጥ የማይታከም እግር

መመሪያው የተጻፈው ጠዋት ለሚብስ፣ ሲሄዱበት ለሚለዝብ የተረከዝ ሕመም ነው። የሚከተሉት ሌላ ነገር ናቸው፤ መቀነትና ጠርሙስ ይዘው አይታገሏቸው።

ሌሊት ድንገት ተነስቶ አውራ ጣትን ያቀላና ያሳበጠ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የማያስችል ሕመም እውነተኛው ሪህ ሊሆን ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ፤ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ወድቀው ወይም ተጠማዞ እግርዎ መርገጥ ካቃተው፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ተረከዙ ከደነዘዘ እንደዚሁ ሐኪም ያስፈልጋል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ነገሩ ይለያል። የእግሩ ስሜት ተዳክሞ ሊሆን ስለሚችል ሙቅ ውሃ ሲያቃጥለው፣ በረዶም ሲጎዳው ላያውቀው ይችላል። እግር አይዘፍዝፍ፣ ምላጭ አያስጠጋ፣ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ በየማታው ውስጥ እግሩን በመስታወት ወይም በሰው ዓይን ያስመርምር። ትንሽ ቁስል ካየ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ቀይ አፈር ባለበት ደጋ አካባቢ ለሚኖር ዘመድ ደግሞ አንድ ነገር ያድርሱልኝ። እግር የሚያሳክክና የሚያቃጥል ከሆነ፣ ከጣቶች ጀምሮም እብጠቱ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ የዝሆኔ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣ ዓይነት ዝሆኔ አለ፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በጣቶች መሃል ሳይቀር ደርቆ፣ ቅባት ተቀብቶ ጫማ ውስጥ የገባ እግር ብዙ ይድናል። በጊዜ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ከአልጋ ሳይወርዱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከሁሉም አንዱን ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ያድርጉ።

አልጋዎ ጠርዝ ላይ ይቀመጡ። የሚያምዎትን እግር በሌላኛው ጉልበት ላይ ያጥፉት። በአንድ እጅ ጣቶቹን ከሥራቸው ይዘው ወደ ቅልጥምዎ ይሳቧቸው። በሌላኛው አውራ ጣት የውስጥ እግርዎን ሲዳስሱ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ነገር ካገኙ በትክክል እየሠሩ ነው። ዐሥር እስኪቆጥሩ ይያዙ፤ ይልቀቁ። ይህን ዐሥር ጊዜ ይድገሙት። ቀን ሁለት ጊዜ ጨምረው በቀን ሦስት ጊዜ ያደርሱታል፤ በተለይ ብዙ ተቀምጠው ሊነሱ ሲሉ።

እጅዎ እግርዎ ድረስ የማይደርስ ከሆነ፣ ወገብዎን የሚያምዎት ከሆነ ወይም ሆድዎ ካስቸገረዎት (የእኔ አስቸግሮኝ ነበር) መቀነት ይጠቀሙ። እግርዎን ዘርግተው መቀነቱን ከጣቶችዎ ሥር ያዙሩና ሁለቱን ጫፍ ወደ ራስዎ ይሳቡ። እኔ መቀነቴን ትራሴ ሥር አስቀምጣለሁ። ሌላ ቦታ ያስቀመጥኩት ቀን ሁሉ እረሳዋለሁና።

ከዚያ ወለሉን በባዶ እግር አይርገጡ። የቤት ጫማዎ አልጋው ሥር ይሁን፤ ያ ቀጭን፣ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ነጠላ ጫማ ሳይሆን ወፍራም ሶል ያለውና የውስጥ እግርን ጎድጓዳ የሚደግፍ።

ጫማ ሲመርጡ

ጫማውን በሁለት እጅ ይዘው ያጥፉት። ጣቶች የሚታጠፉበት ቦታ ላይ መታጠፍ አለበት፤ መሃሉ ላይ እንደ ደብተር ከታጠፈ ይተዉት። የተረከዙን ጀርባ በጣት ሲጫኑት ወደ ውስጥ ከተሰረጎደም አይረባም። ከፊት በኩል ከረጅሙ ጣት በኋላ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። ተረከዙ ከፊቱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይመረጣል፤ ፍጹም ልሙጥ ጫማ እንደ ረጅም ተረከዝ ሁሉ ያስቸግራል። ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣልና።

ስለ ሰልባጅ ጫማ አንድ ቃል። ርካሽነቱን አውቃለሁ፤ ገዝቻለሁም። ነገር ግን ያገለገለ ጫማ የሌላ ሰው እግር የቀረጸው ነው። ከኋላ በኩል ጠረጴዛ ላይ አቁመው ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ እግርዎንም ይዞት ያዘማል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ይግዙት፤ የውስጡን ሶል አውጥተው አዲስ ያስገቡበት።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ ይወለቃል፤ ቅዳሴም አጭር አይደለም። እኔ ያገኘሁት መላ ስስ የሆነውን የጫማ ሶል ወፍራም ካልሲ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ማንም አያየውም። ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ ይቁሙ። መቋሚያ ለጌጥ እንዳልተፈጠረም እዚህ ላይ ይገባዎታል።

ግድግዳው

ሽፋኑን የሚስበው ብዙ ጊዜ የገተረ ባት ነው። ግድግዳ ፊት ቆመው ሁለት መዳፍዎን ይደገፉበት። የሚያመውን እግር ወደ ኋላ ይውሰዱ፤ ጉልበቱ ቀጥ፣ ተረከዙ ከወለሉ ያልተነሳ፣ ጣቶቹም ወደ ግድግዳው ያነጣጠሩ ይሁኑ። የፊተኛውን ጉልበት ቀስ ብለው ያጥፉ፤ ባትዎ ሲወጠር ይሰማዎታል። ሠላሳ ሰኮንድ ይቆዩ፣ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ የኋላውን ጉልበት ትንሽ አጥፈው ያንኑ ይድገሙ፤ አሁን የሚወጠረው ዝቅ ብሎ ያለው ጡንቻ ነው። ባትን እያነጠሩ መሳብ ክልክል ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጠራል፣ ቀስ ብሎ ይለቀቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኋላ እግሩን ጣቶች ወደ ውጭ ማዞሩ ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ ግድግዳውን ብቻ እየገፉ ነው።

ጠርሙሱ

የግማሽ ሊትር ሃይላንድ እስከ አፉ ሳይሞላ (በረዶ ሲሆን ያብጣል) ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩ። ማታ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ካልሲ እንዳደረጉ ጠርሙሱን ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ወደፊትና ወደ ኋላ ያንከባልሉት። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። የጽሑፍ ፈተና እያረምኩ ነው የማደርገው። መብራት ከጠፋ ወይም ማቀዝቀዣ ከሌለ የሊጥ መዳመጫም ይሠራል፤ ብርዱ ይቀራል እንጂ መታሸቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ እናቴ አሁንም አኩርፋለች። «ብርድ የመታውን እግር በበረዶ!» ትላለች።

ደረጃው

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት አልፈው ሕመሙ ትንሽ ሲረግብ እግሩን ማጠንከር ይጀመራል። ማሳረፍ ብቻውን አያድንም፤ የተጎዳው ሽፋን ቀስ በቀስ ጭነት ሲለምድ ነው የሚበረታው።

ፎጣ ይጠቅልሉና ደረጃ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ። የእግር ጣቶችዎን የተጠቀለለው ፎጣ ላይ ወደ ላይ ቀና አድርገው ያሳርፉ፤ ተረከዝዎ ከደረጃው ውጭ ይንጠልጠል። ግድግዳ ወይም መደገፊያ ይያዙ። ሦስት እየቆጠሩ ተረከዝዎን ከፍ ያድርጉ፣ ላይ ሁለት ቆጥረው ይቆዩ፣ ሦስት እየቆጠሩ ይውረዱ። በሁለት እግር ይጀምሩ፤ ሲቀልዎት በአንዱ ብቻ ያድርጉት። ዐሥራ ሁለት ጊዜ አንድ ዙር ነው፤ ቀስ እያሉ ወደ ሦስት ዙር ይድረሱ። በየቀኑ አይደለም፤ አንድ ቀን ሠርተው አንድ ቀን ያሳርፉት። ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ አያስፈራም። መለኪያው የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ከትናንቱ ከባሰ አብዝተዋል ማለት ነውና ይቀንሱ።

ማስታገሻ ክኒን ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ይሸፍነዋል እንጂ ከዚህ አንዱንም አይተካም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ሳይጠይቅ አይዋጥ።

ስለ ለብ ያለ ውሃና ስለተሰነጠቀ ተረከዝ

ጨው የገባበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እግር መዘፍዘፍ ደስ ይላል፤ ድካምንም ያወጣል። ሽፋኑን ግን አያድነውም፣ ከጨውም የሚገኝ የተለየ ፈውስ የለም። ጥቅሙ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ነው፦ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ በሻካራ ድንጋይ በቀስታ ይፈግፍጉ፣ ያድርቁ፣ ወዲያው ቫዝሊን ጠቀም አድርገው ይቀቡና የጥጥ ካልሲ አድርገው ይተኙ። በሳምንት ሁለት ጊዜ መፈግፈግ ይበቃል፤ ቫዝሊኑ ግን በየማታው ነው። የተረከዝን ቆዳ በምላጭ መላጥ የለመዱ ሴቶች አውቃለሁ። ይተዉት።

ማዕድ ቤት

ሐኪሙ ሚዛን ላይ ሲያቆመኝ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረኝ ስድስት ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ። ምክንያቱን ለማወቅ ምርምር አላስፈለገውም፤ በዕረፍት ሰዓት ከሱቅ የሚገዛ ብስኩትና ለስላሳ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ ርቦኝ ያገኘሁትን እበላለሁ። የትኛውም ምግብ ተረከዝ አያድንም። የሚያጠግብ ነገር ቦርሳ ውስጥ ካለ ግን ሱቁ ይቀራል፤ ሱቁ ሲቀር ኪሎው ይቀንሳል፣ ኪሎው ሲቀንስ ተረከዝ ይቀለዋል።

በሶ። አንድ ኪሎ ገብስ ከጠጠርና ከእንክርዳድ ይልቀሙ፤ ይጠቡት። እርጥብ እንዳለ በሙቀጫ ሸክሽከው ገለባውን ያውጡ፣ ያበራዩት፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ከዚያ በመካከለኛ እሳት፣ እጅዎ ከማማሰያው ሳይለይ ይቁሉት። ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ቤቱን ሽታው ሲሞላው ይበቃዋል፤ ከጠቆረ ይመራል፣ ስኳር ጨምሮ ማዳን አይቻልም። ሲበርድ ወፍጮ ቤት ይውሰዱትና በደንብ አልሞ እንዲፈጭ ይንገሩ፤ ከሁሉ በላይ ከበርበሬ በኋላ እንዳይፈጩልዎ ይለምኑ። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሁለት ኪሎ በሶ ለሳምንታት ሲያስነጥሰን ከርሟል።

ለመጠጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ከቁንጥር ጨው ጋር ይበጥብጡ። ጭብጦ ከፈለጉ ዱቄቱን በትንሽ ውሃ፣ በጨው፣ በሚጥሚጣና በንጥር ቅቤ (በጾም በዘይት) እያሹ በመዳፍዎ ጨብጠው ያድቦልቡሉት። ሁለት ጭብጦ ከቁርስ እስከ ምሳ ያደርሰኛል። ገብስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ቃጫ ስላለው ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ሆኖም በሶ እህል ነው፣ የስኳር ሕመምተኛ መጠኑን ይቁጠር። ግሉተን የማይስማማውም ሰው ገብስ ግሉተን እንዳለው ይወቅ።

ተልባ። መምህር ውሃ አይጠጣም፤ መጸዳጃው ሩቅ ነዋ! ውጤቱ የሆድ ድርቀት ነው። አንድ ኩባያ ተልባ ለቅመው በቀላል እሳት ያምሱት፤ መንጫጫት ሲጀምር ያውርዱት። (ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ነውና ብዙ አያድምጡት።) ሲበርድ ይውቀጡ ወይም በቡና መፍጫ ይፍጩ፣ ይንፉ። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንደገባ ይወጣል። የተፈጨው ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ የአንድ ሳምንት ብቻ አዘጋጅተው በተከደነ ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው በማር ወይም በጨው ይጠጡ፤ ሌላ ብርጭቆ ባዶ ውሃ ያስከትሉ። ያለ በቂ ውሃ ድርቀቱን ሊያብሰው ይችላል። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሁለት ሰዓት ያህል ያራርቁት፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገይ ይችላል።

እርጎ። አያቴ በወይራ በታጠነ ቅል ጥሬ ወተት አጠራቅማ ነበር የምታረጋው፤ ያን ጣዕም አልክድም። ጥሬ ወተት ግን የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይፈላ። ሁለት ሊትር ወተት እያማሰሉ አፍልተው ያውርዱ። ንጹሕ ትንሽ ጣትዎን ነክረው ዐሥር እስኪቆጥሩ የሚያስችል ሙቀት ላይ ሲደርስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ በትንሽ ወተት አቅጥነው ይጨምሩበት፤ አንዴ ብቻ ያማስሉት። ገና ትኩስ ሳለ ከጨመሩት እርሾው ይሞታል፣ ከበረደ ደግሞ ሳይረጋ ያድራል። የወይራ ጭስ ከናፈቀዎት ዕቃውን አስቀድመው ያጥኑት፤ የፈላ ወተት ጭስ አይጠላም።

ከድነው በጋቢ ጠቅልለው፣ ማንም በማይነካው ጥግ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያስቀምጡት። እየከፈቱ ማየት፣ ማነቃነቅ የለም። ንጋት ላይ ረግቶ ያገኙታል፤ ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ አይኮመጥጥም። ለማየት ቸኩለው ከአልጋ ሊዘሉ ሲሉ ግን ትራስዎ ሥር እጅዎን ይላኩ፤ መቀነቱ እዚያ ነው።